የመንግሥት ሥራና የሙያ ፈቃድ ፈተና፦ ሁለቱን አጣጥሞ መያዝ ይቻላልን?

ሰዓቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ክፍል የሚሠራ አንድ የሂሳብ ባለሙያ ባለቤቱና ልጆቹ ሳይነቁ ተነስቶ ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጧል። ከፊቱ የተዘረጋው የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ ሳይሆን ከሦስት ወራት በኋላ የሚቀመጥለት የሙያ ፈተና መጽሐፍ ነው። ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ መጽሐፉን አጥፎ ልጆቹን ለትምህርት ቤት ያዘጋጃል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሥራ ገበታው ላይ ይገኛል። ማታ ሲመለስ ደክሞታል። እንዲህ ያለውን ሕይወት ለሁለትና ለሦስት ወራት መግፋት የሚከብድ አይደለም። ለአራትና ለአምስት ዓመታት መግፋት ግን ከብርታት ይልቅ ሥርዓት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ተመሳሳይ ጉዞ የጀመሩ ሠራተኞች ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ መካከል አንዳንዱ ግቡን ሲመታ፣ ሌላው ሁለትና ሦስት ፈተና ካለፈ በኋላ በመሐል ያቋርጣል። ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው ከችሎታ ሳይሆን ከዕቅድ፣ ከቅርብ ኃላፊ ድጋፍና ከቤተሰብ ጋር ከሚደረግ ስምምነት ነው። ይህ ጽሑፍ በመንግሥት ተቋማት የሚገኙ የሂሳብና የኦዲት ባለሙያዎች በብዛት የሚወስዱትን የእንግሊዙን የቻርተርድ ሰርቲፋይድ አካውንታንቶች ማኅበር፣ በአጭር አጠራሩ የኤሲሲኤን፣ ፈተና በምሳሌነት በመውሰድ ሥራንና ጥናትን አጣጥሞ መያዝ ስለሚቻልበት መንገድ ያብራራል።

የጉዳዩ አስፈላጊነት

እንደሚታወቀው በአገራችን የሂሳብ ሙያ አሠራር በአዲስ መልክ መደራጀት የጀመረው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ በኋላ ነው። አዋጁን ተከትሎ በ2007 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 332 የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቁሟል። የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ድርጅቶችም ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ከሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው እንዲተገብሩ ተደርጓል። በመጀመሪያው ዙር የፋይናንስ ተቋማትና ትላልቅ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች የተካተቱ ሲሆን፣ ሌሎቹ ደግሞ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት እንዲከተሉ የጊዜ ሰሌዳ ወጥቶላቸዋል።

ይህ ለውጥ ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪ በተጨማሪ በፈተና የተረጋገጠ የሙያ ብቃት ያለው ሰው እንዲፈለግ አድርጓል። የመንግሥትን ሂሳብ የሚመረምር ኦዲተር የሚመረምረው ድርጅት ሂሳቡን የሠራበትን ደረጃ ከሂሳብ ሠራተኛው ባላነሰ ማወቅ ይጠበቅበታል። የልማት ድርጅቶችን የሚቆጣጠር ባለሙያም የቀረበለትን የሂሳብ መግለጫ አንብቦ ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ ካልቻለ ቁጥጥሩ ከፊርማ አያልፍም። በመሆኑም የአንድ ሠራተኛ ፈተና ማለፍ የግሉ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ውጤቱ የሕዝብ ገንዘብ ከሚጠበቅበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው።

ፈተናው ምን ይጠይቃል?

ማኅበሩ በ1904 እ.ኤ.አ. በለንደን የተመሠረተ ነው። ፈተናው በሦስት ደረጃዎች የተከፈለ ሲሆን በአጠቃላይ 13 ፈተናዎችን ያካትታል። በመጀመሪያው ደረጃ ሦስት፣ በሁለተኛው ስድስት፣ በመጨረሻው ደግሞ አራት ፈተናዎች አሉ። ከመጨረሻዎቹ አራት ውስጥ ሁለቱ ለሁሉም ተፈታኝ ግዴታ ሲሆኑ፣ ሁለቱን ተፈታኙ ከቀረቡለት አማራጮች ይመርጣል። በሂሳብ ትምህርት የተመረቀ ሰው እንደ ትምህርት ማስረጃው ከተወሰኑት ፈተናዎች ነፃ ሊደረግ ይችላል። የእያንዳንዱ ፈተና ማለፊያ ነጥብ 50 ከመቶ ነው።

ከፈተናው በተጨማሪ የሦስት ዓመት፣ ማለትም የ36 ወራት፣ የተረጋገጠ የሥራ ልምድና በሥነ ምግባር ላይ የሚያተኩር ትምህርት ማጠናቀቅ ያስፈልጋል። በመጨረሻው ደረጃ የሚገኙት ፈተናዎች ደግሞ ከመካከላቸው የመጀመሪያው ከታለፈበት ጊዜ አንስቶ በሰባት ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው። ይህ የጊዜ ገደብ ለሥራ ባለቤት የሆነ ተፈታኝ ትልቅ ትርጉም አለው። ወደ መጨረሻው ደረጃ የገባ ሠራተኛ በሥራ ብዛት ምክንያት ሁለትና ሦስት ዓመት ቢያቋርጥ ያለፈውን ፈተና ጭምር ሊያጣ ይችላልና።

የመጀመሪያው ደረጃ ፈተናዎች ተፈታኙ በመረጠው ቀን በኮምፒውተር የሚሰጡ ናቸው። አብዛኞቹ የሁለተኛው ደረጃ ፈተናዎችና የሦስተኛው ደረጃ ፈተናዎች ግን በዓመት አራት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ መጋቢት፣ ሰኔ፣ መስከረምና ታኅሣሥ ወራት መጀመሪያ ላይ፣ በሥራ ቀናት ይሰጣሉ። በእኛ አቆጣጠር በየካቲት መጨረሻ፣ በግንቦት መጨረሻ፣ በነሐሴ መጨረሻና በኅዳር መጨረሻ ይውላሉ ማለት ነው።

የሳምንቱ ሰዓት ሲቆጠር

ሥራና ጥናትን ለማጣጣም የመጀመሪያው እርምጃ ጊዜን በግምት ሳይሆን በቁጥር ማወቅ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ በ1999 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ተደንግጎ የነበረ ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. በተተካው አዋጅ ቁጥር 1064ም ይኸው ተጠብቆ ቆይቷል። በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት በተለመደው አሠራር ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን ስምንት ሰዓት፣ ዓርብ ደግሞ ሰባት ሰዓት ይሠራል።

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ 39 የሥራ ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት የምሳ እረፍት፣ በቀን ሁለት ሰዓት ቢታሰብ አሥር ሰዓት የመጓጓዣ ጊዜና በቀን ሰባት ሰዓት ቢታሰብ 49 ሰዓት እንቅልፍ ሲቀነስ 64 ሰዓት ይቀራል። ቁጥሩ ሲታይ ብዙ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ ጊዜ የተበጣጠሰ ነው። ለምግብ፣ ለቤት ሥራ፣ ለልጆች፣ ለእምነት ሥርዓት፣ ለለቅሶና ለሠርግ፣ ለዕድርና ለዘመድ ጥየቃ የሚውለውም ከዚሁ ነው።

ከዚህ ውስጥ በሳምንት አሥር ሰዓት ለጥናት መለየት ለአብዛኛው ሠራተኛ የሚቻል ነው። ለምሳሌ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየማለዳው አንድ ሰዓት ከሩብ አምስት ሰዓት ይሆናል። ዓርብ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ካለው ረዘም ያለ የምሳ እረፍት አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ አራት ሰዓት ሲጨመር አሥር ሰዓት ይሞላል። የዓርቡ ሰዓት ለጁምዓ ሶላት የሚያስፈልገው ሠራተኛ ያንኑ ሰዓት ወደ ቅዳሜ ወይም እሑድ ሊያዛውር ይችላል። እሑድ ማታና የሥራ ቀናት ምሽት ባዶ መተዋቸው ያለምክንያት አይደለም። ምሽት ላይ የሚታቀድ ጥናት በመብራት መጥፋት፣ በእንግዳ፣ በታክሲ ሰልፍና በድካም የመሰናከል ዕድሉ ሰፊ ነው። ማለዳን ግን የሚሻማው ሰው ጥቂት ነው።

በዚህ ስሌት በ14 ሳምንት 140 ሰዓት ይገኛል። ይህም አንድን ፈተና በአግባቡ ለማዘጋጀት የሚያስችል መጠን ነው። በተመሳሳይ ጊዜ ሁለት ፈተና የሚወስድ ሰው ግን ለእያንዳንዱ 70 ሰዓት ብቻ እንደሚደርሰው ከወዲሁ ማወቅ ይገባዋል። ብዙ ተፈታኞች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ቶሎ ለመጨረስ ሲሉ ሁለት ፈተና ተመዝግበው ሁለቱንም በ45 እና በ48 ነጥብ ይወድቃሉ።

የበጀት ዓመቱና የፈተናው ዘመን

በመንግሥት የፋይናንስ ክፍል ለሚሠራ ባለሙያ የፈተናውን ወር መምረጥ ከጥናቱ ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። በግንቦትና በሰኔ ግዥዎች ይጣደፋሉ፤ የክፍያ ጥያቄዎች ይከማቻሉ፤ ቀሪ በጀት ይታረቃል። በሐምሌ በችሮታ ጊዜ የሚፈጸሙ ክፍያዎችና የሂሳብ መዝጊያ ሥራ ይከናወናል። ስለዚህ በግንቦት መጨረሻ የሚሰጠው ፈተና ዋናው የዝግጅት ጊዜው ከዓመቱ ከባድ ሥራ ጋር ይገጥማል። በነሐሴ መጨረሻ የሚሰጠው ደግሞ ዝግጅቱ ሙሉ በሙሉ በመዝጊያው ወቅት ላይ ያርፋል።

ከዚህ አኳያ ለሂሳብ ክፍል ሠራተኛ የተሻለው በኅዳር መጨረሻ የሚሰጠው ፈተና ነው። ከነሐሴ 20 ገደማ ጀምሮ ቢዘጋጅ 14 ሳምንት ያገኛል፤ በመካከሉ ያሉት የዘመን መለወጫና የመስቀል በዓላት ከግምት ገብተውም ጊዜው ይበቃል። ሁለተኛው ተመራጭ የየካቲቱ ነው። ሆኖም በዚህ ጊዜ ውስጥ የገናና የጥምቀት በዓላት እንዲሁም በጥር የሚዘጋጀው የግማሽ ዓመት ሪፖርት ስላሉ፣ ከ12 ሳምንት በላይ ማሰብ አያዋጣም። ቀለል ያለው ትምህርት ለየካቲት፣ ከበድ ያለው ለኅዳር ቢመደብ ጠቃሚ ነው።

የውስጥ ኦዲተር፣ የግዥ ባለሙያ ወይም የዕቅድ ክፍል ሠራተኛ የሥራ ጫናው በሌላ ወር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁሉም የራሱን የሥራ ዘመን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ከፈተናው ወራት ጋር ማነጻጸር አለበት። ዘጠኝ ፈተና የቀረው ሠራተኛ በዓመት ሁለት ቢወስድና ሁሉንም በመጀመሪያ ሙከራው ቢያልፍ በአምስተኛው ዓመት ይጨርሳል። ሦስት ቢወስድ ደግሞ በሦስት ዓመት ያጠናቅቃል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ምኞት ሳይሆን የሥራው ጠባይ ነው።

ሌላም ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። የአንድ ፈተና ውጤት የሚታወቀው ከፈተናው በኋላ በአምስትና በስድስት ሳምንት ገደማ ነው። ውጤቱን እስኪያይ ጥናት የሚያቆም ተፈታኝ ለሚቀጥለው ዙር ካለው ጊዜ ግማሽ ያህሉን ያባክናል። በተከታታይ ዙሮች ለመፈተን ያሰበ ሠራተኛ ከፈተናው በኋላ አንድ ሳምንት አርፎ ወደሚቀጥለው ትምህርት መግባት ይኖርበታል።

አጠናን

በሥራ ላይ ያለ ሰው ጊዜው አጭር በመሆኑ የአጠናን ዘዴው ከተማሪ የተለየ ሊሆን ይገባል። ብዙዎች መጽሐፉን ደጋግሞ ማንበብን እንደ ጥናት ይቆጥሩታል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ግን ከዚህ የተለየ ነገር አሳይቷል። ጽሑፉን ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተደረገ ፈተና የተሻለ ውጤት አግኝተው ነበር። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን የተሻለ ያስታወሱት መጽሐፉን ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት ሆነው ተገኙ። እነዚህኞቹ 56 ከመቶውን ሲያስታውሱ ደግመው ያነበቡት ያስታወሱት 42 ከመቶውን ነበር።

በመሆኑም ከአንድ ሰዓት ከሩብ የማለዳ ጥናት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ትናንት የተጠናውን ሳያዩ በባዶ ወረቀት ለመጻፍ፣ ቀጣዮቹ ሠላሳ አምስት ደቂቃዎች ለአዲስ ትምህርት፣ የቀሩት ሠላሳ ደቂቃዎች ጥያቄ ለመሥራት ቢውሉ ይመረጣል። የቅዳሜው አራት ሰዓት ሙሉ በሙሉ ለጥያቄ ቢሆን የተሻለ ነው።

የፈተናው ሰዓት አጠቃቀምም ራሱን የቻለ ልምምድ ይጠይቃል። በሁለተኛው ደረጃ ያለ የሦስት ሰዓት ፈተና 180 ደቂቃና 100 ነጥብ አለው። ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰው 1.8 ደቂቃ ነው። ሃያ ነጥብ ያለው ጥያቄ በ36 ደቂቃ መጠናቀቅ አለበት። በቢሮ አንድን ሂሳብ እስኪታረቅ ድረስ ሳይለቅ መሥራትን የለመደ ባለሙያ በፈተና ላይ ይህ ጠንካራ ልማዱ ሊጎዳው ይችላል። ሚዛኑ እምቢ ያለውን ስሌት ትቶ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ማለፍን አስቀድሞ መለማመድ ያስፈልገዋል።

መልሱ በእንግሊዝኛና በኮምፒውተር የሚጻፍ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። የመንግሥት ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው በአማርኛ ነው። ስለዚህ የትምህርቱን ፍሬ ነገር እያወቀ በአጻጻፍ ነጥብ የሚያጣበት ጊዜ አለ። ጥያቄው "ግለጽ" ሲል፣ "አነጻጽር" ሲል እና "ምክር ስጥ" ሲል የሚፈልገው መልስ የተለያየ መሆኑን ለይቶ ማወቅ፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት የጽሑፍ መልሶችን በኮምፒውተር ሰዓት ይዞ መጻፍ ይጠቅማል።

ፈቃድና የሥራ ሥነ ምግባር

ፈተናው በሥራ ቀን የሚሰጥ በመሆኑ ያለ ፈቃድ የሚሆን ነገር አይደለም። አዋጅ ቁጥር 515/1999 ለሐዘን፣ ለጋብቻ፣ ለፈተናና ለመሳሰለው በበጀት ዓመት ውስጥ እስከ ሰባት ቀን የግል ጉዳይ ፈቃድ እንደሚሰጥ ደንግጎ ነበር። የዓመት እረፍትም አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 20 የሥራ ቀናት ሆኖ በየዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ እስከ 30 የሥራ ቀናት እንዲደርስ አድርጎ ነበር። የሠራተኞች ሕግ ከዚያ ወዲህ የተሻሻለ በመሆኑ ተፈታኙ በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌና የመሥሪያ ቤቱን መመሪያ ከሰው ሀብት አስተዳደር ክፍሉ በጽሑፍ ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል።

ዋናው ቁም ነገር የዓመት እረፍት የሚሰጠው በመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም መሠረት መሆኑ ነው። ፈተናው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው የፈቃድ ቅጽ ይዞ የሚቀርብ ሠራተኛ የሚከለከለው በክፋት ላይሆን ይችላል። የዕረፍት ፕሮግራሙ ሲወጣ፣ ማለትም በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ላይ፣ ከፈተናው በፊት ያሉት አምስት ወይም ስድስት የሥራ ቀናት በስሙ እንዲያዙለት መጠየቅ ይችላል። እነዚህ ቀናት ለአዲስ ትምህርት ሳይሆን ለክለሳና ለሙሉ የሙከራ ፈተና መዋል ይገባቸዋል።

በሌላ በኩል ሠራተኛውም ሊጠብቀው የሚገባ ወሰን አለ። የመንግሥት የሥራ ሰዓት የሕዝብ ነው። ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ ከጠረጴዛ በታች መጽሐፍ መግለጥ፣ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀትና ማተሚያ የጥናት ጽሑፍ ማባዛት፣ ለልምምድ በሚል የመሥሪያ ቤቱን ምስጢራዊ ሰነድ ወደ ቤት መውሰድ ተገቢ አይደሉም። ሥነ ምግባርን የሚፈትን ሙያ ለመያዝ የሚደረግ ጉዞ በሥነ ምግባር ጉድለት ሊጀመር አይችልም። ከዚህም በላይ በጥናቱ ሰበብ ሥራው የሚጓደል ሠራተኛ ከእርሱ ኋላ ለሚመጡት ባልደረቦቹ በሩን ይዘጋል።

የሥራ ልምድ ማረጋገጫ

ብዙ ተፈታኞች የሚዘነጉት የ36 ወራት የሥራ ልምድ ማረጋገጫን ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሥራ ከሂሳብ፣ ከኦዲት ወይም ከፋይናንስ ጋር የተያያዘ እስከሆነ ድረስ ሊያዝ ይችላል። ነገር ግን ሠራተኛው ማሳካት ያለበት ዘጠኝ የአፈጻጸም ግቦች ስላሉ እያንዳንዱን በሠራው ሥራ አስደግፎ መጻፍና ሥራውን በሚያውቅ የታወቀ የሙያ ማኅበር አባል በሆነ ሂሳብ ባለሙያ ማስፈረም ይጠበቅበታል።

ችግሩ የቅርብ ኃላፊው እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የሌለው ሊሆን መቻሉ ነው። በዚህ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱን ሂሳብ ከሚመረምር የውጭ ኦዲተር ወይም ሥራውን በቅርብ ከሚያውቅ ሌላ ባለሙያ ጋር አስቀድሞ መነጋገር መፍትሔ ይሆናል። ማስታወሻው በየወሩ ካልተጻፈ ግን ከአራት ዓመት በኋላ "በ2014 ዓ.ም. ምን ሠርቼ ነበር?" ብሎ መጨነቅ ይመጣል። በወሩ መጨረሻ ለግማሽ ሰዓት ተቀምጦ የተሠራውን መመዝገብ ይህን ያስቀራል።

ወጪው

የፈተናው ክፍያና ዓመታዊ መዋጮው በእንግሊዝ ፓውንድ የሚከፈል ነው። የሠራተኛው ደመወዝ ግን በብር ነው። የብር የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የሚታየው ወጪ በእጅጉ ጨምሯል። ስለዚህ አንድን ፈተና ወድቆ መድገም የሦስት ወር ድካም ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ በጀት ጉዳይም ነው። የምዝገባ ጊዜን አሳልፎ የሚመዘገብ ሰው ተጨማሪ ስለሚከፍል የምዝገባው ቀን ከጥናቱ ዕቅድ ጋር አብሮ መጻፍ አለበት። መጻሕፍትን ከባልደረባ ጋር በጋራ መጠቀምም የተለመደና የሚደገፍ ነው። ሆኖም የፈተናው ሥርዓተ ትምህርት በየዓመቱ ስለሚታይ መጽሐፉ ለተፈታኙ ዙር የሚሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የኃላፊዎች ድርሻ

አንዳንድ ኃላፊዎች "ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ጥሎን ይሄዳል" በሚል ሥጋት ለተፈታኝ ሠራተኛ ፊት አይሰጡም። ሥጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ባንኮችና የግል ድርጅቶች ለተመሰከረለት ባለሙያ የሚከፍሉት ከመንግሥት የደመወዝ ስኬል በላይ ነው። ነገር ግን መከልከል ሠራተኛውን አያስቀረውም። በራሱ ወጪና በራሱ እንቅልፍ ተምሮ ያለፈ፣ መሥሪያ ቤቱ ግን አንድም ቀን ያልደገፈው ሰው ለመቆየት ምን ምክንያት ይኖረዋል? የመልቀቂያ ደብዳቤውን የሚጽፈው ውጤቱ በታወቀ ማግሥት ነው።

የተሻለው አማራጭ ግልጽ ስምምነት ነው። መሥሪያ ቤቱ በሥልጠና በጀቱ የፈተናውን ወጪ በሙሉ ወይም በከፊል የሚሸፍን ከሆነ ሠራተኛው በምላሹ ለተወሰነ ጊዜ የማገልገል ግዴታ እንዲገባ፣ ግዴታውን ባይወጣ የሚመልሰው ገንዘብም አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲወሰን ማድረግ ይቻላል። የግዴታው ዘመን ከተሰጠው ድጋፍ ጋር ተመጣጣኝ መሆን ይኖርበታል።

ገንዘብ የማይጠይቅ ድጋፍም አለ። ፈተናው ሲደርስ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሠራተኛውን ለመስክ ሥራ አለመመደብ፣ አስቸኳይ ያልሆነን የቅዳሜ ሥራ ለሌላ ጊዜ ማሸጋገር፣ የተማረውን የሚሠራበት ዕድል መስጠት፣ ያለፈውንም በክፍሉ ስብሰባ ላይ ማመስገን ከኃላፊ የሚጠበቁ ናቸው። ከሁሉም በላይ ዕድሉ ለሁሉም በእኩል መስፈርት ሊሰጥ ይገባዋል። ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው የተከለከለ ፈቃድ በክፍሉ ውስጥ ቅሬታን ይወልዳል፤ የቀረውም ሠራተኛ የባልደረባውን ሥራ ሸፍኖ ለመሥራት ፈቃደኛ አይሆንም። ሥራ የሸፈነ ባልደረባ በተራው እንዲሸፈንለት ማድረግ ደግሞ መተማመንን ያጎለብታል።

ቤተሰብና የሴት ሠራተኞች ጫና

ጥናቱ በቤት ውስጥ የሚካሄድ በመሆኑ የቤተሰብ ስምምነት ወሳኝ ነው። በተለይ ሴት ሠራተኞች ከቢሮ መልስ የሚጠብቃቸው የቤት ሥራና የልጆች እንክብካቤ ከላይ የተመለከተውን የ64 ሰዓት ስሌት በግማሽና ከዚያ በላይ ይቀንሰዋል። ማለዳ ተነስቶ ማጥናት ለአንድ ባል ጸጥታ ያለበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ለአንዲት እናት ግን የቁርስና የምሳ ዕቃ የሚዘጋጅበት ሰዓት ነው። ስለሆነም ባልና ሚስት የጥናቱን ዘመን እንደ አንድ የቤት ዕቅድ ቆጥረው ማን ምን እንደሚሠራና እስከ መቼ እንደሚቆይ ካልተነጋገሩ አንዱ ወገን ሳይጠየቅ ዋጋ ከፋይ ይሆናል።

አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ መደንገጉ ከዚህ አንጻር ትልቅ እርምጃ ነበር። ማቆያ ባላቸው መሥሪያ ቤቶች የምትሠራ እናት ከሥራ ሰዓት በፊትና በኋላ የምታተርፈው ጊዜ ለጥናት ሊውል የሚችል ነው። ማቆያው በስም ብቻ የሚገኝ ከሆነ ግን ዕድሉም በስም ብቻ ይቀራል።

መውደቅ ሲያጋጥም

በዚህ ጉዞ ላይ አንድም ፈተና ሳይወድቅ የሚጨርስ ሰው ጥቂት ነው። በሥራ ላይ ያለ ተፈታኝ ሲወድቅ ከተማሪ ይልቅ ይከብደዋል። የወደቀው በሥራው የሚያከብሩት ባልደረቦቹና የበታች ሠራተኞቹ እያወቁ ነው። ከዚህ የተነሳ አንዳንዱ መፈተኑን ከሁሉም ይደብቃል። ድብቅነቱ ግን ከኃላፊው ሊያገኝ የሚችለውን ድጋፍ ጭምር ያሳጣዋል። ለቅርብ ኃላፊና ለአንድ ወይም ለሁለት የሚታመኑ ባልደረቦች መናገር ይበቃል።

የወደቀ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው "አእምሮዬ አይቀበልም ይሆን?" ሳይሆን "የታቀደውን 140 ሰዓት በእርግጥ አጥንቻለሁን?" የሚል መሆን አለበት። የጥናት ሰዓቱን በየዕለቱ የመዘገበ ተፈታኝ ለዚህ መልስ አለው። መዝገቡ 80 ሰዓት ካሳየ ችግሩ የጊዜ ነው፤ መፍትሔውም ቀለል ያለ የሥራ ወር መምረጥ ነው። 140 ሰዓት ከሞላ ደግሞ ችግሩ የዘዴ ነው፤ ከማንበብ ወደ ጥያቄ መሥራት መዞር ያስፈልገዋል ማለት ነው። መዝገብ የሌለው ግን ራሱን ከመውቀስ ውጭ የሚያርመው ነገር አያገኝም።

በአጠቃላይ ሥራንና የሙያ ፈቃድ ፈተናን አጣጥሞ መያዝ በሳምንት አሥር ሰዓት የሚጀመር፣ ከበጀት ዓመቱ ጋር የተናበበ፣ በኃላፊና በቤተሰብ የታወቀ የብዙ ዓመት ዕቅድ ነው። ለሠራተኛው ዕድገት፣ ለመሥሪያ ቤቱ የተሻለ የሂሳብ መግለጫ፣ ለሕዝብ ደግሞ የገንዘቡ ጥበቃ ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጽሐፉን የሚገልጠው ባለሙያ የጀመረውን እንዲፈጽም የራሱ ትጋት ብቻውን አይበቃም። በቀጣዩ የዕረፍት ፕሮግራም ላይ ስሙን በፈተናው ሳምንት የሚያሰፍርለት ኃላፊም ያስፈልገዋል።